ሁለት መቶ የሌሉ ሰዎች

ጥቅምት 6

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ከናፍቆትህና ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጩኸት በቀር ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየመኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ «ሰርቨር» ስልህ «የማን ሰርግ?» ትለኛለህ፤ ጆሮህ እንደሆነ የወደደውን ነው የሚሰማው።

«ማውጫ ስትይ የስልክ ማውጫ ነው ወይስ የመጽሐፍ?» ብለሃል። የሰው ማውጫ ነው። ሆስፒታላችን ውስጥ ሐኪሙም ሆነ ንብረት ክፍሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ፣ ማሽኑ ራሱ ሰውየውን አያውቀውም። ሄዶ አንድ ቦታ ይጠይቃል፤ «እገሌ የሚባል አለ? የት ክፍል ነው? ምን እንዲያይ ተፈቅዶለታል?» ይላል። የሚጠየቀው ቦታ ማውጫው ነው። አሠራሩ እንደ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ሆስፒታሉ፣ ቅርንጫፎቹ ክፍሎቹ፣ ቅጠሎቹ ሠራተኞቹ። አንተ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራኸውን ይሄ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይሠራዋል፤ ልዩነታችሁ እሱ አያኮርፍም።

አሁን ማውጫው የሚሠራበት ሶፍትዌር ስላረጀ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በአዲስ ይተካ ተብሏል። ሥራው የተሰጠው ለእኔ ነው። አለቃችንን ሁላችንም «ቶሎ በሉ» ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። «መጀመሪያ የምሞክርበት ቦታ ይዘጋጅልኝ፤ ከሆስፒታሉ መስመር ጋር የማይገናኝ፣ ቢበላሽ ማንንም የማይጎዳ» አልኩት። «የውሸት ሆስፒታል ላቋቁምልሽ ነው እንዴ? ቶሎ በይ!» አለኝ።

እኔም የውሸቱን ሆስፒታል ቤቴ አቋቋምኩት። ዕቃ ግምጃ ቤት ከተጣሉት ኮምፒውተሮች አንዱን አስፈቅጄ ወሰድኩና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ሆዱ ውስጥ በሶፍትዌር ሁለት ሰርቨር ሠርቻለሁ፤ አንዱ ዋናው ነው፣ ሌላው ዋናው የሚያውቀውን ሁሉ የሚገለብጥ። «ታላቅ»ና «ታናሽ» ብያቸዋለሁ። ከክፍሌ የሚወጣ አንድ ሽቦ የላቸውም። ቢበላሹ ማንንም አይጎዱም። ማራገቢያው ሲጮህ የሰሙት አከራዬ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ወፍጮ ተከልሽ እንዴ?» አሉኝ።

ችግሬ ምን መሰለህ? ሆስፒታሉ ሰው የለበትም። የእውነተኞቹን ሠራተኞች ስም ቤት ይዞ መምጣት ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አላደርገውም። «ሰው አንድ፣ ሰው ሁለት» እያልኩ ብሞላው ደግሞ ፈተና አይሆንም። እውነተኛ ሰው ስሙ ይረዝማል፣ ይዛወራል፣ ሁለት ሥራ ደርቦ ይይዛል። ስለዚህ አንተ ትዝ አልከኝ። ሁለት መቶ የሌሉ ሰዎች ትፈጥርልኛለህ? ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ክፍል፣ የሥራ መደብ፣ የቅርብ አለቃው ማን እንደሆነ። «መግለጫ» የሚባል ባዶ ቦታም አለ፤ እሱ ላይ ደስ ያለህን ጻፍ። ማንንም የማይጎዳ ሥራ ነው፣ ጊዜህንም ይይዝልሃል።

ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ ወይ? ይህን ስጠይቅህ ሦስተኛዬ ነው።

ልጅህ


ጥቅምት 17

ለእሜቴ፣ ለውሸት ሆስፒታል ዋና ኃላፊ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ እስከ ሐሙስ ሆስፒታልሽ ዳይሬክተር ነበረው። ከዚህ ጋር ሰማንያ ሰው ልኬልሻለሁ። የቀሩት መቶ ሃያ እየተቀጠሩ ነው።

«አይከብድህም ወይ?» ትያለሽ። ምኑ ይከብደኛል! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ሰው ፋይል ክፈትልኝ ብሎኝ አያውቅም። ግን ልጄ፣ ሰውን ያለ ጠባይ መፍጠር አልቻልኩም። ራጅ ክፍል ሁለት ወንድማማቾች አሉሽ፤ አይነጋገሩም፣ ደብዳቤ የሚጻጻፉት በጸሐፊዋ በኩል ነው። ልብስ ንጽሕና ክፍል በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሦስት ሞክሼዎች አሉ፤ የሚለዩት በአያት ነው። መዝገብ ቤት ሆኖ ሞክሼ የሌለው አላየሁም። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ስሙ በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሳ አንድ መስመር አልበቃውም። መድኃኒት ቤቱን የምትመራው ሴትዮ በስምንት ዓመት አራት ክፍል ቀያይራለች፤ በሄደችበት ሁሉ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች።

ከጎን ያሉት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ የተዋሱትን ጃንጥላ ሊመልሱ መጥተው ዝርዝሩን ከትከሻዬ በላይ አነበቡት። «ይሄኛው የዚያኛው አለቃ፣ ያኛው ደግሞ የዚህኛው አለቃ! መጨረሻ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?» አሉኝ። ልሰርዘው ነበር፤ ኋላ ግን እኛ መሥሪያ ቤትም እንዲያው ነበር ብዬ ተውኩት። ይህ ያጣላናል?

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ዝናቡ አቁሟል። ጤናዬን በተመለከተ፣ ሌላ ጥያቄ ጠይቂኝ።

አንድ ነገር ግን ልበልሽ፤ የመዝገብ ቤት ሰው መቁጠር አይተውም። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ «ማንንም የማይጎዳ» ያልሽው ሦስት ጊዜ ነው። ማን ተጎድቶ ነው?

አባትሽ


ጥቅምት 29

አባዬ ሆዴ፣

ሰማንያዎቹ ገብተዋል! አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ግማሹ ጊዜ የሄደው በሳቅ ነው። «መግለጫ» ላይ «ሲያስነጥስ መስኮት ይዘጋል» የሚል የላቦራቶሪ ባለሙያ ይዞ የሚያውቅ ማውጫ በዓለም ላይ የእኔ ብቻ መሆን አለበት።

አላጣሉንም፤ ይልቅ ጠቀሙኝ። እነዚያ አንዱ የሌላው አለቃ የሆኑት ሁለት ሰዎች ሶፍትዌሩን አዙረው ሊገድሉት ነበር። «የዚህ አለቃ ማን ነው? የእሱስ? የእሱስ?» እያለ ሲሽከረከር ማሽኑ ፍም እስኪመስል ጋለ። ልብስ ንጽሕና ያሉት ሞክሼዎችህ ደግሞ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ አልገባም አሉ፤ «ይቺማ አለች» ይለኛል። የሰው መለያው ስሙ ሳይሆን የሠራተኛ ቁጥሩ እንዲሆን አድርጌ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁት። ይህ ሁሉ እውነተኛው ሆስፒታል ላይ ቢደርስብኝ ኖሮስ?

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ሁለት መቶም ሳይሞሉ ሰማንያውም አንገባም አሉ። ምንም አልነካሁም። ግማሽ ቀን ፈልጌ ሳገኘው ሰዓቱ ነው። የአሮጌው ኮምፒውተር ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ እነዚህ ነገሮች ሰዓታቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይተማመኑም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩና ታረቁ።

አሁን የምሠራውን ብነግርህ ትገረማለህ። በየእሑዱ ሆን ብዬ የቀዶ ሕክምናን ቅርንጫፍ እቆርጠዋለሁ። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ጽዳቱ፣ ሁሉም ድምጥማጣቸው ይጠፋል። ከዚያ ካስቀመጥኩት ግልባጭ እመልሳቸዋለሁ። መጀመሪያ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ባለፈው እሑድ አሥራ አንድ። እጄ ሳይንቀጠቀጥ እስክሠራው ድረስ አላቆምም።

«ማን ተጎድቶ ነው» ላልከው፣ የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ አትጨነቅ።

መምህሯን አመስግንልኝ። ጃንጥላ ማን ነበር ያዋሳቸው? አንተ እኮ ጃንጥላ ለእኔም አታውስም።

ልጅህ


ኅዳር 10

ልጄ፣

ፊደሌ የተንጋደደው እስክሪብቶው ነው። አዲስ ነው፤ አልገራሁትም።

መቶ ሃያው ሰው ይኸውልሽ። አሁን ሆስፒታልሽ ሙሉ ነው፤ የጎደለው በሽተኛ ብቻ ነው። መምህርት ምስጋናሽን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት፤ ከጽሑፏ ያስታውቃል» አሉኝ። ዝርዝሩን ስንጨርስም ማጅራቷን እያሸች «እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን ያህል ተማሪ ባንድ ክፍል አልነበረኝም» አለችኝ። ስቀን ስቀን ልንሞት ነበር።

የጃንጥላው ነገር፣ ዝናብ ነበር፤ ሰው ሲደበደብ ዝም ብሎ ይታያል?

አሁን እኔ ልጠይቅ። ብዙ ቀን በልቤ ይዤው ነበር። በግንቦት «ለሥራ ሥልጠና ሌላ ከተማ ነኝ፣ ልመጣ አልችልም» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ሹፌሩ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዕቃ አድርሶልሽ የለ? ትናንት ሲጫወት «ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ በር ከፈተችልኝ፤ ዓይኗ አብጦ ነበር» አለኝ። ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩበት። አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። አልቆጣም። አሞሽ ነበር?

አባትሽ


ኅዳር 21

አባዬ፣

አላመመኝም። ሥልጠናም አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ከሥራ ታግጄ ነበር።

አንድ ነርስ ሥራ ለቅቃ ስሟን ከማውጫው ላጠፋ ነበር። እውነተኛው ማውጫ ላይ፣ በቀጥታ። ቅጠሏን መረጥኩ ብዬ ቅርንጫፉን መርጫለሁ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሚል ሳላነብ «አዎ» አልኩት። ድንገተኛ ክፍል እንዳለ ጠፋ። ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አንድም ሐኪም ኮምፒውተር መክፈት አልቻለም። በዚያ መሃል ራሷን የሳተች ሴት በአልጋ መጣች። የትኛው መድኃኒት እንደሚጎዳት የተጻፈው እዚያው የተዘጋው ማሽን ውስጥ ነው። ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ ሳለ አንዲት ነርስ ፊቷን አየችና «ይቺን አውቃታለሁ፣ ባለፈው ዓመት ከዚህ መድኃኒት ሞት ነው የተረፈችው፣ እንዳትሰጣት!» ብላ ጮኸች። አባዬ፣ ሴትዮዋ የዳነችው በሰው ትዝታ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ስሮጥ እህቷ የበሽተኛዋን ጫማ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ያቺ ጫማ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አንድ ጊዜ ብደግም እሰናበታለሁ። አንተን ያልነገርኩህ አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ፋይል አልጠፋብህም እየተባለ ስላደግኩ ነው። አፈርኩ። ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የአንተ ነው። መቶ ሃያዎቹን ሳስገባ ምን እንደገጠመኝ ስማ። አንተ በስም ውስጥ ሁልጊዜ እሳቱን «ሰ» ነው የምትጽፈው። ከሰማንያ አንድ ጀምሮ ግን ንጉሡ «ሠ» በየቦታው፣ ሐመሩ «ሐ» በየቦታው። መጀመሪያው ዝርዝር ላይ አለቃ የሆነችው ሴት ሁለተኛው ዝርዝር ላይ በሌላ ፊደል ስትጻፍ አዲሱ ሶፍትዌር «እንዲህ የምትባል አለቃ የለችም» አለኝ። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ሁለት ሰው ናቸው። ሰኞ ቢሮ ገብቼ እውነተኛውን አየሁ። የሰው ኃይል ክፍል በአንዱ ፊደል የጻፋቸው፣ እነሱ ራሳቸው በሌላው የሚጽፉት ስድሳ ሦስት ሰዎች አሉ! አራቱ የድንገተኛ ነርሶች ናቸው። በአሮጌው ሶፍትዌር ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ፊደላቱን እንደ አንድ የሚያይ ደንብ አስገብቶበት ኖሯል፤ ለማንም ሳይነግር፣ የትም ሳይጽፍ። ሳልሞክረው ብቀይረው ኖሮ ስድሳ ሦስቱም በር ላይ ይቀሩ ነበር።

ለ«ቶሎ በሉ» ስነግረው ወንበሩን ሳበና ቁጭ አለ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረ። «ቀስ በይ» አለኝ። ኮምፒውተር ሰጥቶኛል፤ የውሸቱ ሆስፒታል አሁን ቢሮ ውስጥ የራሱ ጠረጴዛ አለው።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንደኛ፣ ዝርዝሩን የጻፈው ያንተ እጅ አይደለም። ያንተ ደብዳቤ ተንጋዶ፣ ዝርዝሩ እንደ ኅትመት ያምራል። እጅህን ምን ሆነህ ነው? ሁለተኛ፣ በደብዳቤህ ላይ መምህሯ «አሉኝ» ብለው ይጀምሩና ሁለት መስመር ሳይሄዱ «አለችኝ» ሆነዋል። ሦስተኛ፣ ተራ ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት። የሕፃናት ክፍል ነርስ። መግለጫዋ ላይ እንዲህ ይላል፤ «የአንሶላ ጥግ እንደ ፖስታ ታጥፋለች። ስትናደድ አፏን ገጥማ ታንጎራጉራለች፤ ዜማው ሲያልቅ ንዴቷም ያልቃል።»

እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ያቺን ሰው አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቃት። በማን እጅ ነው የተጻፈችው?

ልጅህ


ታኅሣሥ 1

ዓይኔ፣

መጀመሪያ ያንቺን ልመልስ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፋይል አልጠፋብኝም የተባለው እውነት ነው፤ አልጠፋብኝም። ግን የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ፋይል የሙታን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ አውቃለሁ። ሰውየው አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣ መኖሩን አስረዳ። እኔም «ፋይልዎ ሞተዋል ይላል» እያልኩ መለስኩት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳውቅ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። ቤት ውስጥ ያወቀችው እናትሽ ብቻ ነበረች፤ «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፣ ታፍርብኛለች» አልኳት። አየሽ? እኔና አንቺ አንዳችን ለሌላችን ስናፍር ስንት ዘመን አለፈ! ያ ሰውዬ በመጨረሻ ወዳጄ ሆነ፤ እውነት ሲሞት ፋይሉን ያዛወርኩለትም እኔ ነኝ።

ያንቺ ጥፋት ከእኔ ይከብዳል፤ አላቃልልልሽም፣ ሰው ሊሞት ነበር። ግን በየእሑዱ ተቀምጠሽ እጅሽ እስኪረጋ የምትለማመጂው አንቺ ነሽ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም።

አሁን የእኔ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከቁም ሣጥን ላይ ሻንጣ ላወርድ ወንበር ላይ ወጥቼ ወደቅኩ። የቀኝ እጄ አንጓ ዞረ። ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው። ድምፁን ሰምታ የደረሰችልኝ መምህርት ናት። አዎ፣ «ናት»። ያዝሽኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ ከዚያ «የልጅህ ሰዎች እንዳይቆሙ» ብላ እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፍ ጀመር። ደብዳቤውን ግን በግራ እጄ ራሴ ጻፍኩት፤ የአንቺን ደብዳቤ በሌላ እጅ አላስጽፍም።

መቶ አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስንደርስ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አንሶላው፣ እንጉርጉሮው። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ይቺ ሰው የሌለች አይደለችም» አለችኝ። «ንገረኝ፤ እንደሚገባ እንድጽፋት» አለች። ነገርኳት። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ እናትሽ አወራሁ። እናትሽ ከሞተች ሦስት ዓመት ተኩል፣ ሰዎች ስሟን ሳነሳ «በርታ፣ እርሳው» ነው የሚሉኝ። መምህርት አንድ ጊዜ እንኳ «በቃህ» አላለችኝም። የእሷም ባል ሞቷል፤ በአራተኛው ቀን ስለ እሱ ነገረችኝ። በአምስተኛው ምንም የሚጻፍ አልቀረም ነበር፤ ግን መጣች።

ልንጋባ እናስባለን። ፈቃድ አልጠይቅሽም፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ግን አንቺ ከከፋሽ ደስታዬ ግማሽ ነው። ማዘጋጃ ቤት በገና ማግስት ቀን ሰጥቶናል፤ ከየወገናችን ሁለት ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ከእሷ ወገን ወንድሟና ጓደኛዋ አሉ፤ ከእኔ ወገን ሹፌሩ አለ። የሁለተኛው ምስክሬ ስም የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 15

ልጄ፣

ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ፖስታ ቤት ስመላለስ ሠራተኛዋ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች።

ቅያሜሽ ይገባኛል። እኔ ቸኮልኩ። መምህርትም ተቆጣችኝ። «ሴት ልጅ በሥራዋ ተይዛ ባለችበት ሰዓት ይህ ይጻፋል? መጀመሪያ ሥራዋን ትጨርስ» አለችኝ። ቀኑን አስተላልፈነዋል። መልስ እንኳ ባትሰጪኝ ደህና መሆንሽን ብቻ፣ በአንድ መስመር።

አንጓዬ ድኗል፤ ይህን የምጽፈው በቀኜ ነው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 18

አባዬ፣ አባዬ፣

የታኅሣሥ 15 ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ይቅር በለኝ። ያን ሁሉ ቀን ፖስታ ቤት ስትመላለስ ሳስብ ራሴን መምታት አማረኝ። መልሴ የዘገየበት ምክንያት ግማሹ ሥራ ነው። ግማሹን ግን አልዋሽህም፤ መኳረፍ ነው።

ሥራውን ልንገርህ፤ አልቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሮጌውን አጥፍተን አዲሱን አበራነው። የፊደሉን ደንብ አስገብቼ፣ ስድሳ ሦስቱን አንድ በአንድ ስልክ ደውዬ «ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዱ አዛውንት ሐኪም «በስድሳ ዓመቴ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ» አሉኝ። መሃል ላይ አንድ ክፍል አልመጣ አለ፤ የፋርማሲው። «ቶሎ በሉ» ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን ይህንን አንተ በፈጠርካት፣ ቁልፍ ይዛ በምትዞረው ሴትዮ ላይ አይቼው ነበር፤ የተዛወረ ሰው ከድሮ ክፍሉ ጋር ተያይዞ ሲቀር የሚመጣ ጣጣ ነው። በዘጠኝ ደቂቃ ፈታሁት። እጄን አየሁት አባዬ። ጸጥ ብሏል።

ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ያ በግንቦት መርፌ ይዞ የነበረው ሐኪም መጣ፣ ተቀመጠ፣ ስሙን ጻፈ፣ ገባ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝም፤ ፊቱን ወደ በሽተኛው አዞረ። በሙያችን ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ኩርፊያዬን ልንገርህ። በእማዬ ቦታ ሰው ገባ ብዬ አልነበረም። እንጉርጉሮዋን ረስቼው ኖሯል። አንሶላውን አልረሳሁም፤ እንጉርጉሮው ግን ከአእምሮዬ ጠፍቶ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት በዚያ በሚያምር ፊደሏ ጽፋ ላከችልኝ። በልጅነቴ ሁሉ የማውቀውን ነገር ከሌላ ሰው መስማት! ቀናሁ። ከዚያም ተናደድኩ፤ አንተ ለሦስት ቀን ስለ እሷ ስታወራ እኔ አልነበርኩም። ለእኔ አውርተህልኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። «እርሳው» ከሚሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ መሰለኝ፤ ሌላ ወሬ እያመጣሁ።

የእማዬን ነገር ሰምታ ያልሰለቸች ሴት ጠላቴ ልትሆን አትችልም። እስካሁን የደረስኩት እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በላይ አልዋሽህም።

የዓመት ፈቃዴን ሞልቻለሁ። «ቶሎ በሉ» ሳያነብ ፈረመው። ታኅሣሥ 29 እኩለ ቀን ላይ እደርሳለሁ። ቀኑን ወደ ነበረበት መልሱት። ባዶው መስመር ላይ የእኔን ስም ጻፍበት፤ መምህሯ ትክክለኛውን «ሠ» እንዳትረሳው ንገራት።

ልጅህ


ጥር 12

ለምስክሬ፣

በደህና መግባትሽን ስሰማ እፎይ አልኩ። ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር አላለም ብልሽ ትቀየሚኛለሽ? ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ሬዲዮ ድምፅ እየተጣላን ነው። እሷ «ቀንሰው» ትላለች፣ እኔ «አልተከፈተም» እላለሁ። ጣሪያው ወንድሟ በወጣበት ቀን ማፍሰሱን ተወ፤ አራተኛ ጊዜ እንዳትጠይቂኝ።

«ያን ቀን ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አሳፈርኳት ይሆን?» ብለሽ ጽፈሻል። ከዚህ ሄደሽም ስትጨነቂበት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስሚ፤ እኔ በጎን ቆሜ ሁለታችሁንም እያየሁ ነበር።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ለሙሽራው ምኑ ነሽ?» ስትልሽ «ልጁ» አልሽ፤ ቶሎ። ጻፈች። ቀጥላ «ለሙሽራዋስ?» አለችሽ። አንቺ አፍሽን ከፈትሽ፣ መልሰሽ ገጠምሽው። የእሷ ወንድም ጣሪያውን አየ። እኔ ጆሮዬ እንዲህ ሆኖ የግድግዳውን ሰዓት ሰማሁት። አንቺ እሷን አየሻት፣ እሷም አየችሽ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው» አልሽ። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች፤ በኋላ ቦታው ላይ ሰረዝ አሰመረችበት። መምህርት የሳቀችው ያኔ ነው፤ መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርግ ድረስ።

ማታውን፣ ገና እራት ሳይቀርብ አንቺ ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ስታወሪ፣ «ከፍቶሽ እንደሆነ…» ብዬ ጀመርኩላት። አላስጨረሰችኝም።

«ምኑ ይከፋኛል?» አለችኝ። «ቶሎ ብላ ብትመልስ ኖሮ አላምናትም ነበር።»

አባትሽ